ፈትያ ሳትሄድ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 7 ቀን 1954

ዛሬም አልመጣም። የጅቡቲው ባቡር ሲገባ አባባ ጣቢያ ድረስ ሄዶ ነጂውን ጋሽ መኩሪያን ጠየቀ። "ዕቃው ጉምሩክ ላይ ነው፤ ዓርብ አይቀርም" ብሎታል። ይህን የነገረችኝ እማዬ ናት፣ ግራ ጆሮዬ ላይ ተደፍታ እየጮኸች። ግቢው በሙሉ ሰማ። እኔ እኩሌታውን ሰማሁ፣ የቀረውን ከፊቷ ላይ ለቀምኩ።

ዕቃው የጆሮ መስሚያ ማሽን ነው። ጅቡቲ ያለ አንድ ፈረንጅ ሐኪም ለማይሰሙ ሰዎች ይሸጣል ሲባል አባባ ላከበት። እኔ ከማሽኑ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ትምህርቱ ይቅር፣ የጎረቤት ራዲዮም ይቅር። ፈትያ ሳትሄድ ድምፅዋን መስማት እፈልጋለሁ።

ፈትያ የግቢያችን ልጅ ናት። ቤታቸውና ቤታችን አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ኩፍኝ የወጣብን አንድ ላይ ነው፤ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ስንጫወት አምሽተን የተገረፍነውም አንድ ላይ ነው። አሁን ለጅቡቲ ሰው ድረዋታል። ኒካው ባለፈው ሳምንት ታሰረ፣ አረፋ ትላንት አለፈ፣ በሚቀጥለው ሐሙስ በባቡር ይወስዷታል።

ድምፅዋን ረስቼዋለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ያ ትኩሳት ጆሮዬን ይዞት ከሄደ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። የእማዬ ድምፅ አሁንም አለኝ። የአባባ ሳልም አለኝ። የእሷን ግን ስፈልገው የለም። ቀጭን ነበር? ትንሽ ሻከር ይል ነበር መሰለኝ። በሙቀት ጊዜ አልጋችንን ደጅ አውጥተን ስንተኛ፣ "አቦ ተኙ!" እስክንባል ድረስ እናወራ ነበር። አሁን ከጨለመ ወሬ የለም፣ ከንፈሯ አይታየኝም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 8

መምህሬ "ዋናው ነገር ከንፈር ማየት ነው፣ ትለምጂዋለሽ" ብለውኛል። መልካም። እሳቸው ራሳቸው የሚያስተምሩት ወደ ጥቁር ሰሌዳው ዞረው ነው። ማጅራታቸውን በደንብ አጥንቼዋለሁ፣ ፈተና ቢወጣበት አልፋለሁ።

ደግሞም ለዚህ አገር እንግዳ ናቸው። ድሬዳዋ ላይ ሰው በአማርኛ ይጀምራል፣ በኦሮምኛ ይቀጥላል፣ በዓረብኛ ይምላል፣ ከተናደደ ደግሞ በሶማሊኛ ይጨርሰዋል። እሰማ በነበረበት ጊዜ ይህ ነገር መኖሩንም አላስተዋልኩ፤ ሁሉም አንድ ወሬ ነበር። አሁን የፈትያን እናት የአዴ ሩቂያን አፍ ስከተል፣ ድንገት የከንፈሯ ቅርፅ ይለወጥብኛል። "አሃ፣ ኦሮምኛ ገባች" ስል እሷ አደርኛ ላይ ደርሳለች። እኔ ባዶ ሜዳ ላይ እቀራለሁ።

እስካሁን ያጠናሁት፦

እማዬ ደህና ትነበባለች። ስትቆጣ ግን ጥርሷን ትነክሳለች፤ መረዳት የሚያስፈልገኝ ደግሞ ያን ጊዜ ነው።

ባለሱቁ ዓሊ፣ ጢሙ ከንፈሩን ውጦታል። ተስፋ የለውም።

ወንዶች በጠቅላላው እስከ ምሳ ድረስ ብቻ። ከዚያ በኋላ ጉንጫቸው በጫት ስለሚሞላ አማርኛውም ሶማሊኛውም አንድ ይሆንብኛል። ለወንድ የሚነገር ጉዳይ ካለኝ በጠዋት እጨርሳለሁ።

አባባ ጠዋትም ከሰዓትም አይነበብም፣ ምክንያቱም አያወራም። ከሥራ ይመጣል፣ ይታጠባል፣ ይበላል፣ ግድግዳ ያያል። እማዬ "ከዚህ ሰውዬስ ድንጋይ ባገባ ይሻለኝ ነበር" ትላለች።

ፈትያ ከሁሉም በላይ ትነበባለች። ለእኔ ስትል አማርኛ ብቻ ትናገራለች፣ ቀስ ትላለች፣ አፏን ትከፍታለች። ግን ቀስ ስትል ወሬዋ የእሷ ወሬ አይሆንም። ቀልዷ ሁሉ ፍጥነቷ ላይ ነበር። አሁን "በላሽ? ደህና ነሽ? እናትሽ ገበያ ሄደች?" ነው የምትለኝ። ልክ ለሕፃን እንደሚባለው። ትወደኛለች፣ አውቃለሁ፤ ግን ምንም አትነግረኝም።

በጽሑፍ አንነጋገርም። እሷ ቁርዓን ቤት ነው የተማረችው፣ ፊደል አትለይም። እኔ ደግሞ የእሷን አሊፍና ባ አላውቅም። ላስተምራት ብዬ ጀምሬ ነበር፤ መ ላይ ስንደርስ ሽማግሌዎቹ መጡና ነገሩ እዚያው ቀረ።

ሌላው ችግር የእኔ አፍ ነው። ድምፄን መለካት ስለማልችል ምስጢር መናገር አልችልም። ባለፈው "ባልሽን ወደድሽው?" ብዬ ሹክ ያልኳት መስሎኝ ነበር። አዴ ሩቂያ ከወጥ ቤት ማማሰያ ይዛ ወጣች።

ዓርብ፣ ግንቦት 10

መጣ! ማሽኑ መጣ። ደረት ላይ የምትንጠለጠል ትንሽ ሳጥን፣ ከሳጥኗ የሚወጣ ሽቦ፣ ሽቦው ጫፍ ላይ ጆሮ ውስጥ የሚገባ ቁልፍ የመሰለ ነገር። አባባ ራሱ አሰረልኝ። ከዚያ የሳጥኗን የድምፅ ማዞሪያ አዞረ።

አምላኬ! የሳህን ድምፅ ከጎኔ ቢላዋ የሚሳል መሰለኝ። ጋሪ በመንገድ ሲያልፍ ጭንቅላቴ ላይ ያለፈ መሰለኝ። የእማዬን ቀሚስ፣ ቁራውን፣ በሩን፣ ሁሉንም አንድ ላይ አምጥቶ ደፋብኝ። ሮጬ ፈትያ ዘንድ ገባሁ። "አውሪ! በይ አውሪ!" አልኳት። መቼም ጮኼ ይሆናል።

አወራች። ከንፈሯ "ጽጌ፣ ጽጌ፣ ይሰማሻል?" ይላል። ጆሮዬ ውስጥ የገባው ግን ባዶ ጣሳ ውስጥ ጠጠር ሲንገጫገጭ ነው። ማዞሪያውን ዝቅ አደረግኩት፣ ጠፋ። ከፍ አደረግኩት፣ ጠጠሩ ድንጋይ ሆነ። እንደገና "ጽጌ" አለች። ድምፅዋ አይደለም። የረሳሁትን ድምፅ ባላስታውሰውም ይህ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

"ይሰማኛል" አልኳት። ዋሸሁ። ፊቷ በራ፣ አቀፈችኝ፣ ማሽኑ በመሃላችን ተጨፍልቆ ጮኸ።

ቤት ገብቼ አውልቄ ሳጥኑ ውስጥ መለስኩት። አባባ አየኝ። ፊቱ ወደቀ። ዛሬ በጣም አለቀስኩ። ለጆሮዬ አልቅሼ የጨረስኩ መስሎኝ ነበር፤ ጸበሉ እንቢ ሲል፣ የዘይቱ ጠብታ እንቢ ሲል፣ አዴ ሩቂያ ወስዳኝ ሼኹ ሲቀሩብኝ (እማዬ ያን ቀን እንዳላወቀች ሆነች)። ለካ ለዚህ ያስቀመጥኩት እንባ ነበረኝ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 11

ምን እንዳየሁ ልጻፍ።

አባባ ምሳውን ረስቶ ወጣ። እማዬ በሳህን ቋጥራ ላከችኝ። አባባ የሚሠራው አቴሊዬ ነው፣ የባቡሩ መጠገኛ ግቢ። ቦይለር የሚቀጠቅጡበት ክፍል ነው የእሱ ቦታ። ዲዝሉ ከመጣ ወዲህ ሥራው ቢቀንስም አንዳንድ የእንፋሎት ባቡሮች አሁንም ይገባሉ። ዘበኛው አወቀኝና አሳለፈኝ።

ክፍሉ ደጃፍ ስደርስ ድምፁ በጫማዬ ገባ። ከዚያ ጉልበቴ፣ ከዚያ ደረቴ። ሞቶ የነበረው ቀኝ ጆሮዬ እንኳ አንድ ነገር ያለ መሰለኝ። ሰዎቹ በመዶሻ ብረቱን ሲመቱ ቦይለሩ ቤት የሚያክል ደወል ነው። እዚያ ቤት ማንም ሰው ማንንም አይሰማም። እኔና እነሱ እኩል ነን!

ግን ያወራሉ። በእጅ። አፋቸው ዝግ ነው፣ እጃቸው ይበራል። አንዱ ቦይለሩ ላይ ቆሞ ጠየቀ፣ ከታች ያለው መለሰ፣ ሦስተኛው ከዳር ተረበው። መሃላቸው የቆመው አባባ ነው። አንድ ነገር ተናገረ፣ ረጅም ነገር፣ በሁለት እጁ፣ በቅንድቡ፣ በትከሻው። ሲጨርስ ሰዎቹ በሳቅ ፈረሱ። አንዱ መዶሻውን ጥሎ ሆዱን ያዘ።

የእኔ አባባ። ግድግዳ የሚያየው ሰውዬ። ቀልደኛ ነው!

ምሳውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ አየኝ። ሁለቱን እጆቹን ቶሎ ኪሱ ውስጥ ከተተ፣ ልክ ሲሰርቅ እንደተያዘ ልጅ።

ጓደኛው ጋሽ ዑስማን ወደ እኔ መጡ። ወደ ቋጠሮው ጠቆሙ፣ ጣታቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ፣ ወደ ራሳቸው ጠቆሙ፣ ከዚያ ወደ አባባ ጠቁመው በእጃቸው "የለም!" አሉ። ለእኔ ይሁን፣ ለእሱ የለም ማለታቸው ነው። ሁሉንም አገኘሁት። ማንም አልጮኸብኝም፣ ማንም ቀስ አላለልኝም። ሳቄ መጣ።

እሑድ፣ ግንቦት 12

ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባባ ፊት ቆምኩ። "አስተምረኝ" አልኩት፣ እጄን እያወዛወዝኩ።

"እሱ የብረት ቤት ነገር ነው። ስድብ ይበዛዋል። ለሴት ልጅ አይሆንም" አለ።

እማዬ ከጎን ገባች። ጥርሷን ነክሳ ስለነበር እንደገና አስደገምኳት። "በእጅሽ ስታወሪ ሰው ያይሻል። ዲዳ ይልሻል። ማን ያገባሻል?" ነው የምትለው።

ተናደድኩ። ያልኩት ከንዴቴ ነው፦ "አባባም እኮ አይሰማም!" አልኩ።

እማዬ ሳቀች። "ሲፈልግ ይሰማል፣ እኔን ነው የማይሰማው" አለች።

"ከኋላው ቆመሽ ጥሪው" አልኳት።

እየሳቀች ሄዳ ከጀርባው ቆመች። አፏ ሲንቀሳቀስ አየሁ። አባባ እኔን እያየ ነበር፣ አልዞረም። እንደገና ጠራችው። ሦስተኛው ላይ የአንገቷ ሥር ተገተረ፣ ስለዚህ ጮኻለች። የጎረቤት ልጅ በበር ብቅ አለ። አባባ አልዞረም። እማዬ እዚያው መደቡ ላይ ቁጭ አለች። ፊቷን መግለጽ አልችልም። ስንት ዓመት ተቀይሞኛል ስትል የኖረች ሴት ናት።

በመጨረሻ አባባ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ፤ ለእሷም እንዲሆን ነው መሰለኝ ጮክ ብሎ ተናገረ። መዶሻው ጆሮውን ቀስ በቀስ እንደወሰደው፣ መጀመሪያ ከሥራ እንዳያስወጡት ብሎ እንደደበቀ፣ በኋላ ደግሞ አቴሊዬ ውስጥ ሁሉም እንደሱ መሆኑን ሲያይ መደበቁ ለቤት ብቻ እንደቀረለት። "ቤት ስገባ ምን እንዳላችሁ ስለማላውቅ ዝም እላለሁ" አለ።

እኔም እንደዚያ ነኝ። አንድ ቤት ውስጥ ሁለታችንም ለየብቻ ዝም ስንል ነበር።

ከሰዓት ጋሽ ዑስማን ለጫት በርጫ ቢያስጠሩት አልሄደም። ጥላው ሥር ቁጭ ብለን አስተማረኝ። ጣቶችን ማራገፍ፣ ጋለ። ሁለት ጣት የላይኛው ከንፈር ላይ፣ ሼፉ መጣ (ሼፍ የሚሉት ፈረንጁን አለቃ ነው፣ ጢማም ነው)። ቡጢን በትከሻ ላይ ወደፊት መወርወር፣ ነገ። አውራ ጣትን ጥፍር ላይ መፈተግ፣ ውሸታም። ሁለት መዳፍ ቀስ እያሉ ሲራራቁ፣ ሊፈነዳ ነው፣ ሽሽ።

"ናፍቆትስ?" አልኩት።

አሰበ። "የለም" አለ። "ብረት ቤት ማን ይናፍቃል?" ከዚያ ደግሞ አሰበና "ይናፍቃል፤ ግን አያወራውም" አለ።

እማዬ ምስር ትለቅም ነበር። አንዱንም ምስር አላየችውም።

ሰኞ፣ ግንቦት 13

ዛሬ ፈትያን ከውሃ በርሜሉ ጀርባ ይዣት ገባሁ። መጀመሪያ ስለ ማሽኑ እውነቱን ነገርኳት። አኮረፈች። ከዚያ እጆቼን ስታይ ማኩረፉን ረሳችው።

ወላሂ እንዲህ ቶሎ የሚይዝ ሰው አይቼ አላውቅም። እኔ ሙሉ ቀን የፈጀሁበትን ምሳ ሳይደርስ ጨረሰችው። ፍጥነቷ ተመለሰ! እጇ እንደ ድሮ አፏ ነው። ባለሱቁን ዓሊን አስመስላ ሠራችው፣ ሽማግሌዎቹን ሠራቻቸው፣ የሙሽራውን አረማመድ ሠራችው። "ሼፉ መጣ"ን ለእናቷ አደረግነው። ትልቋ አክስቷ ስትገባ ፈትያ ሁለት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች፤ አክስትየዋ ደግሞ እውነትም ጢም አላት። ሞትን በሳቅ። "ምን ያስቃችኋል አቦ?" አለች አክስትየዋ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያልገባው ሰው እኔ አልነበርኩም።

የሌሉትን ቃላት ራሳችን አወጣን። ባል፣ ባሕር፣ ቅናት፣ "እንትን የምትባለዋ ልጅ"።

ከዚያ ፈትያ ዙሪያዋን አየች። እጆቿን ደረቷ ላይ አድርጋ ቀስ እያለች አራራቀቻቸው። ሊፈነዳ ነው። ልቤ ሊፈነዳ ነው ማለቷ ነው። ፈርታለች። ሰውየውን ሁለት ጊዜ ነው ያየችው፣ ቤቱን አታውቀውም፣ እናቱን አታውቃትም። ይህን ለማንም አልተናገረችም፣ ምክንያቱም ሁሉ ሰው "መሽአላህ፣ እንዴት ያለ ዕድል" ይላታል። በአፏ ቀስ እያለች ብትነግረኝ ኖሮ አትነግረኝም ነበር። ብትነግረኝም እኔ ስመልስላት ግቢው ይሰማ ነበር።

እኔም በእጄ መለስኩላት። የመለስኩትን አልጽፈውም፣ የሁለታችን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የጎደለኝ ይህ ነበር። ለምን አሁን አገኘሁት? ለምን ሐሙስ ሊሆን ሲል?

ረቡዕ፣ ግንቦት 15

የሂና ቀን። ቀኑን ሙሉ ምን እንደምነግራት ሳዘጋጅ ውዬ ወደ ቤታቸው ገባሁ። ቤቱ በሴት ሞልቷል። ከበሮውን በተቀመጥኩበት መደብ በኩል ይሰማኛል፣ ዘፈኑን ግን የማየው አፍ ሲከፈት ብቻ ነው።

ፈትያ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ ተሸፍኗል፣ ስለዚህ ከንፈር የለም። እጆቿ ደግሞ ሂናው እስኪይዝ እስከ አንጓዋ ድረስ በጨርቅ ተጠቅልለዋል። ሁለት ድፎ ዳቦ ታቅፋ የተቀመጠች ነው የምትመስለው። እጅም የለም!

ይህን እንዴት አላሰብኩትም? የስንት ሙሽራ እጅ ሲታሰር አይቻለሁ።

"ደህና ነሽ?" አልኳት በእጄ። ሁለቱን ጥቅልሎች ከፍ አድርጋ መልሳ ጣለቻቸው። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ሳቅ ይሁን ልቅሶ፣ ፊቷ ተሸፍኖ እንዴት ልወቅ? ተጠግቼ ተንበረከክኩ። በሻሹ ላይ ግንባሯን ግንባሬ ላይ አሳረፈች። የሆነ ነገር ተናገረች። ወይ ከሴቶቹ ጋር ዘፈነች። አጥንቴ ውስጥ ቀጭን ንዝረት ገባ፣ ከከበሮው የተለየ። ድምፅዋ ነው ብዬ ልማል? አልምልም። ግን እስክትጨርስ ድረስ አልተነቃነቅኩም።

አዴ ሩቂያ "ተነሺ፣ ሂናው ይበላሻል" ብላ አስነሳችኝ። ቤት መጥቼ እራት አልበላም አልኩ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 16

ሄደች።

ጣቢያው ሰው በሰው ነበር። ግማሹ ከተማ እሷን ሊሸኝ የመጣ መሰለኝ። መስኮቱ ጋ አስቀመጧት፣ ሻሿን ወደ ኋላ ጣል አድርገውላት ፊቷ ይታያል። ሎኮሞቲቩ ሞተሩን አስነሳ። ሰዎች ጆሯቸውን ሲይዙ አየሁ፣ ያ ፊሽካው ነው። መሬቱ ይንዘፈዘፋል። ሁሉም ወደ መስኮቱ ይጮኻሉ፣ ፈትያ ጆሮዋ ላይ እጇን አድርጋ ራሷን ትነቀንቃለች። አይሰማትም። ማንም ማንንም አይሰማም። አዴ ሩቂያ የመጨረሻ ምክሯን እየጮኸች ታለቅሳለች፣ ልጅቷ "ምን? ምን?" ትላለች።

ወደ ኋላ ወጥቼ ምሰሶው አጠገብ ቆምኩ፣ ሰው እንዳይጋርደኝ። በአንድ እጄ ቅርጫት ይዣለሁ። እማዬን አየኋት። እሷም ዙሪያዋን አየች፤ ጎረቤት አለ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው አለ፣ የመምህሩ ሚስት አሉ። ከዚያ ቅርጫቱን ከእጄ ወሰደችው።

ሁለቱንም እጆቼን አነሳሁ። ፈትያ አየችኝና እጇን በመስኮቱ አወጣች። ሂናው ጥቁር ሊመስል የደረሰ ቀይ ነው፣ ከሩቅ ይታያል። "እንዴት ነሽ?" አልኳት። "ጋለ" አለች ጣቶቿን እያራገፈች። "ባልሽስ?" "ተኝቷል!" አለች፣ ወደ ጎኗ እየጠቆመች። "ሊፈነዳ ነው?" አልኳት። መዳፎቿን መልሳ አቀራረበች። አልፈነዳም።

ድንገት አንድ ሰው ክንዴን ያዘኝ። አዴ ሩቂያ። ወደ ፈትያ እየጠቆመች፣ በአማርኛ ብቻ፣ ቀስ እያለች፣ "ስንቋ ከወንበሩ ሥር ነው በያት!" አለች። አልኳት። ፈትያ ጎንበስ ብላ አገኘችው። ያን ሲያዩ አክስትየዋም መጣች፣ "የባሕር ነፋስ እንዳይመታት በያት"። ዓሊም መጣ፣ በጠዋቱ ጉንጩ ባዶ ነበር፣ ጢሙንም በጣቱ ከከንፈሩ ላይ ገለጠልኝ። ተራ ይዘው ነገሩኝ፣ እኔም አደረስኩላቸው። መቼም ይህን ለሌላ ሰው ብነግር አያምነኝም፣ ከዚያ ሁሉ ሰው ፈትያ የምትሰማው እኔን ብቻ ነበር።

ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። ያን ጊዜ አለቀስኩ፣ እጄ ግን አላቆመም። ፈትያም ታለቅስ ነበር። ፉርጎው ሊታጠፍ ሲል እጇን አንድ ጊዜ ደረቷ ላይ አሳረፈች፣ ከዚያ አወጣችና አየር ላይ አንድ ነገር ሠራች። አላውቀውም። እኔ ያስተማርኳት አይደለም፣ አብረን ያወጣነውም አይደለም። "ምን?" አልኳት። ደገመችው። ከዚያ ባቡሩ ታጠፈ።

አባባ ከሥራ ሲመጣ አሳየሁት። "እንደገና" አለኝ በእጁ፤ ግቢው መሃል ነበርን። ደግሜ አሳየሁት። "ከእኛ ከብረት ቤቱ አይደለም" አለ። "የእናንተ ነው።"

እዚህ ልጽፈው ሞከርኩ። መዳፍ፣ ደረት፣ ከዚያ ጣቶቹ እየተዘረጉ ይዞራሉ... አይሆንም፣ ጽሑፍ አይዘውም። ድምፅዋን እንደረሳሁት እንዳልረሳው ቀን ከቀን እሠራዋለሁ። ልጅ ለመውለድ እናቷ ቤት ትመጣለች፣ ያን ጊዜ እጠይቃታለሁ።

አሁን ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ ስሠራው እማዬ አየችኝ። "ምን ማለት ነው?" አለች። አላውቅም አልኳት። ቆመች፣ የግቢውን በር አየች፣ ክፍት ነው። ከዚያ እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ደረቷ ላይ አሳረፈችና እሷም ሞከረችው።